ስትሪንጉ «አልቀየርም» ይላል፣ ሊስቱ ደግሞ ያልነካሁትንም ይቀይራል፤ ነገሩ እንዴት ነው?

ኪቶ_ጀማሪ

ሰላም ለዚህ ቤት። ያለሁት ጂማ ነው፤ በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ ገና ጀማሪ ነኝ። አጎቴ አጋሮ አካባቢ እሸት ቡና ከገበሬ ተረክቦ ለማጠቢያ ጣቢያ ያደርሳል። ሒሳቡን የሚይዘው በደብተር ነው። ለእኔም ልምምድ ይሆነኛል ብዬ በፓይተን ልሠራለት ተነሣሁ። አሁን ሁለት ነገር ላይ ቆሜያለሁ።

ትዕዛዞቹን እንደሚነገሩ በፊደላችን ጽፌያቸዋለሁ። ስትሞክሩት የፓይተኑን ቃላት በላቲን ፊደል አስገቡ። የቫሪያብል ስም ግን ፓይተን 3 በአማርኛም ይቀበላል።

የመጀመሪያው በስትሪንግ (በጥቅስ ውስጥ በሚጻፍ ጽሑፍ) ላይ ነው። የከተማችንን ስም አንዱ «ጂማ»፣ ሌላው «ጅማ» ብሎ ይጽፋል። አንድ ወጥ ላድርገው ብዬ እንዲህ አልኩ፦

ከተማ = 'ጂማ'
ከተማ[0] = 'ጅ'

ታይፕ ኤረር (ይሄ ዓይነት እሴት ይሄን አይቀበልም የሚል ስሕተት) መጣ። ፓይተን ከዜሮ ስለሚቆጥር [0] የመጀመሪያው ፊደል ነው፤ ከተማ[0] ብዬ ሳነብ ግን 'ጂ' ብሎ በትክክል ይመልስልኛል። ማንበብ ከተቻለ መጻፍ ለምን ተከለከለ?

ሁለተኛው ይብሳል፤ ኤረር እንኳን የለውም። አጎቴ ሦስት መረከቢያ ቦታ አለው። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ስድስት ቀን ይረከባል። ሠንጠረዡን በሊስት (በማዕዘን ቅንፍ በሚጻፍ ዝርዝር) ሠርቼ በዜሮ ሞላሁት፤ ከዚያ ሰኞ፣ ሁለተኛው ቦታ ላይ ብቻ 42 ኪሎ አስገባሁ፦

ሳምንት = [[0, 0, 0]] * 6
ሳምንት[0][1] = 42

ፕሪንት ሲደረግ ስድስቱም ቀን [0, 42, 0] ሆኗል! ማክሰኞን ማን ነካው? አንዱ እንቢ ይላል፣ ሌላው ያላዘዝኩትን ይሠራል። እባካችሁ መፍትሔውን ብቻ ሳይሆን ምክንያቱንም ንገሩኝ።

መንደራ_ቆጪ

ለመጀመሪያው ሪፕሌስ ተጠቀም፦

ከተማ = ከተማ.ሪፕሌስ('ጂ', 'ጅ')

ግራ በኩል ያለችውን «ከተማ =» እንዳትረሳት። ያለ እሷ ምንም የተለወጠ ነገር አታይም።

ለሁለተኛው፦

ሳምንት = [[0, 0, 0] ፎር ቀን ኢን ሬንጅ(6)]

መብራት ሊሄድ ስለሆነ ባጭሩ ነው፤ ሌሎቹ ያብራሩልህ።

ኪቶ_ጀማሪ

ሁለቱም ሠሩ፣ እግዜር ይስጥልኝ ወንድሜ። ግን ለምን እንደሠሩ አልገባኝም። ሳይገባኝ ብቀጥል ነገ ሌላ ቦታ ላይ ያጋጥመኛል።

መምህር_ከጅሬን

ልጄ፣ ሁለቱ ጥያቄዎችህ አንድ ጥያቄ ናቸው። ረጋ ብለህ አንብበው፤ ይሄ ከገባህ በፓይተን ጀማሪን የሚያንገላቱ ብዙ ነገሮች በአንዴ ይፈቱልሃል።

ፓይተን ውስጥ ስም እና እሴት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ከተማ = 'ጂማ' ስትል ሜሞሪ ላይ 'ጂማ' የሚል ስትሪንግ ይፈጠራል። «ከተማ» የሚለው ስም ወደዚያ ስትሪንግ ይጠቁማል። ስሙ በራሱ ምንም አልያዘም። አንድ እሴት ሁለት ስም ሊኖረው ይችላል፤ ሦስትም ሊኖረው ይችላል።

እሴቶች ደግሞ በሁለት ይከፈላሉ። ከተፈጠሩ በኋላ ውስጣቸው የማይለወጥ አሉ፦ ኢንት፣ ፍሎት፣ ቡል፣ ስትሪንግ፣ ተፕል (በክብ ቅንፍ የሚጻፍ ዝርዝር)፣ ባይትስ፣ ፍሮዝንሴት። እነዚህን ኢሚውተብል እንላቸዋለን። ውስጣቸው የሚለወጥም አሉ፦ ሊስት፣ ዲክሽነሪ (ለእያንዳንዱ ቁልፍ አንድ እሴት የሚይዝ መዝገብ)፣ ሴት የሚባለው የስብስብ ዓይነት፣ ባይትአሬይ። ጀማሪ ሆነህ ዋናዎቹ እነዚህ ናቸው።

የጂማ በርጩማ ከአንድ ግንድ ነው የሚጠረበው። አንዱ እግሩ ካልጣመህ ነቅለህ ሌላ አትገጥምለትም፤ ሌላ በርጩማ ታስጠርባለህ። ስትሪንግም እንደዚያ ነው። ሪፕሌስ የድሮውን 'ጂማ' አልነካውም። አዲስ 'ጅማ' ሠርቶ ሰጠህ። «ከተማ =» ስትል ስሙን ከድሮው አንሥተህ ወደ አዲሱ አዞርከው። ወንድማችን ግራ በኩል ያለውን አትርሳ ያለህ ለዚህ ነው። ካላዞርከው አዲሱ ስትሪንግ የሚይዘው ስም አጥቶ ይጠፋል።

አሁን ወደ ሠንጠረዥህ እንምጣ። [[0, 0, 0]] * 6 ስትል ፓይተን ስድስት ሊስት አልሠራልህም። የሠራው አንድ የውስጥ ሊስት ነው፤ ስድስት ጊዜ ወደ እሱ ጠቆመ። ሰኞም፣ ማክሰኞም፣ ቅዳሜም ያው አንድ ሊስት ናቸው። ሊስት ደግሞ ውስጡ ይለወጣል። ስለዚህ በሰኞ በኩል ገብተህ 42 ስትጽፍ ቅዳሜም ላይ ታየ። ማክሰኞን የነካ የለም፤ ማክሰኞ የሚባል ለብቻው የቆመ ሊስት መጀመሪያውኑ አልነበረም። የወንድማችን መፍትሔ ግን ለእያንዳንዱ ቀን አዲስ ሊስት ይሠራል።

እዚህ ላይ ልብ በልልኝ። [0] * 3 ብትል ምንም ችግር አይመጣም። እዚያም እኮ ሦስቱ ቦታዎች የሚጠቁሙት ወደ አንድ ዜሮ ነው! ግን ዜሮ አይለወጥም። ዜሮን ከውስጡ 42 ልታደርገው አትችልም። አንዱን ቦታ ወደ 42 ስታዞረው ሁለቱ ዜሮ ላይ ይቀራሉ። የማይለወጥን ነገር ሺህ ስም ቢጋራው ማንም ማንንም አይጎዳም። የሚለወጥን ነገር ግን ሁለት ስም ከተጋራው መጠንቀቅ አለብህ። የኢሚውተብል ጥቅም በሙሉ ከዚህ ይመነጫል።

በዓይንህ ማየት ከፈለግክ የእያንዳንዱን እሴት መለያ ቁጥር የሚያሳየውን አይዲ የሚባለውን ፋንክሽን ተጠቀም። አይዲ(ሳምንት[0]) እና አይዲ(ሳምንት[1]) ብለህ በፊተኛው ኮድም በተስተካከለውም ላይ አወዳድር። በፊተኛው ቁጥሩ አንድ ነው፤ በተስተካከለው ይለያያል።

ኪቶ_ጀማሪ

መምህር፣ በጣም አመሰግናለሁ። አይዲውን ሞከርኩት፤ ልክ እንዳሉት ነው። አንድ ነገር ግን ይከነክነኛል። ቁጥር አይለወጥም ብለውኛል። ይሄስ?

ፈረሱላ = 17
ፈረሱላ = ፈረሱላ + 1

አሁን 18 ነው። ተለወጠ አይደል? አንድ ፈረሱላ 17 ኪሎ መሆኑ የታወቀ ነው፤ ማንም በስሕተት እንዲነካብኝ አልፈልግም።

መምህር_ከጅሬን

የተለወጠው 17 አይደለም፤ ስሙ ነው የዞረው። 17 ያው 17 ነው። ፓይተን እሴቱን ይጠብቅልሃል እንጂ ስሙ ሌላ እንዳይጠቁም አይከለክልም። በዚህ ቋንቋ «ይሄ ስም አይዞርም» ብለህ የምትቆልፍበት ትዕዛዝ የለም። በላቲን የሚጽፉት የማይዞረውን ስም በትልልቅ ፊደል ይጽፉታል፤ ያም ቢሆን ልማድ እንጂ ሕግ አይደለም። የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ ስለሌለው «ቋሚ_ፈረሱላ» ብትለው የሚያነበው ሰው ይረዳሃል።

ፈረንጅ_አራዳ

አቦ፣ ልጁን አታስጨንቁት። እኔ ሥራዬ ድረ ገጽ ነው፤ ተፕል የምነካው ከስንት አንዴ ነው። ሊስት ሁሉንም ይሠራል። ልዩነቱ ተፕል አይቀየርም፣ ሊስት ይቀየራል፤ በቃ። ጀማሪ ሰው ሊስት እና ዲክሽነሪ ይዞ ይቀጥል። ስለ ሜሞሪ በኋላ ይደርስበታል።

የቦሳ_ልጅ

ወንድሜ፣ በዚህ አልስማማም። ዲክሽነሪ ይዞ ይቀጥል ካልክ ተፕል ወዲያው ያስፈልገዋል። የልጁን ሥራ ተመልከት። ቀን አለ፣ ቦታ አለ፣ ኪሎ አለ። «ጥቅምት 14 ታች ሰፈር ስንት ኪሎ ገባ?» ተብሎ ይጠየቃል። ቀኑ እና ቦታው አንድ ላይ ቁልፍ መሆን አለባቸው፦

ርክክብ = {}
ርክክብ[(2017, 2, 14, 'ታች ሰፈር')] = 42

ይሄ ይሠራል። ቅንፉን ወደ [2017, 2, 14, 'ታች ሰፈር'] ቀይረው፤ ታይፕ ኤረር ነው። ሊስት የዲክሽነሪ ቁልፍ አይሆንም።

ምክንያቱ ይሄው ነው። ዲክሽነሪ ቁልፉን ከይዘቱ አስልቶ አንድ ቁጥር ያወጣለታል፤ ሃሽ ይባላል። የት እንደሚያስቀምጠው የሚወስነው በዚያ ቁጥር ነው። ቁልፉ ከተቀመጠ በኋላ ውስጡ ቢለወጥ ቁጥሩም ይለወጣል። ነገ ስትፈልገው ሌላ ቦታ ሄደህ ትፈልጋለህ፤ ዕቃው ያለው ግን ድሮ ቦታው ላይ ነው። ለዚህ ነው ፓይተን ከበሩ ላይ የሚመልስህ።

ስለ ቀኑ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። የፓይተን የቀን መያዣ ዴትታይም ወር የሚቀበለው ከ1 እስከ 12 ብቻ ነው። ጳጉሜን 13ኛ ወር ብለህ ብታስገባ ቫልዩ ኤረር ይሰጥሃል። በእኛ አቆጣጠር ለሚሠራ ሰው (ዓመት, ወር, ቀን) የሚል ተፕል ቀላሉ መፍትሔ ነው። ተፕሎች ሲወዳደሩ ከመጀመሪያው አባል ነው የሚጀመረው፤ እኩል ከሆነ ወደሚቀጥለው ይኬዳል። ስለዚህ ዓመት፣ ወር፣ ቀን በሚል ቅደም ተከተል እስከጻፍካቸው ድረስ ሶርትድ ስታደርጋቸው በጊዜ ይሰለፋሉ። (2016, 13, 5) ከ(2017, 1, 1) በፊት ይመጣል። ቀኑን ካስቀደምክ ይበላሻል።

ፈረንጅ_አራዳ

የቁልፉ ነገር አሳማኝ ነው፤ ይሄን እቀበላለሁ። እኔ እንዲህ ሲያጋጥመኝ ቀኑንና ቦታውን በሰረዝ አገናኝቼ አንድ ስትሪንግ ነው የማደርገው። '2017-2-14-ታች ሰፈር' እንደማለት።

የቦሳ_ልጅ

እሱም ኢሚውተብል ስለሆነ ይሠራል። ግን ወሩን ብቻ ስትፈልግ መልሰህ መሰንጠቅ አለብህ። ወሩም ስትሪንግ ሆኖ ነው የሚመጣልህ፤ በስትሪንግ ዓይን ደግሞ '10' ከ'2' ያንሳል። ጥርን ከጥቅምት ጋር... ይቅርታ፣ 10 ሰኔ ነው፤ ሰኔን ከጥቅምት በፊት ያሰልፍልሃል።

አወቱ_ዳር

ጥሩ ጨዋታ ላይ ደረስኩ። የቫሪያብል ስም በአማርኛ ለምትጽፉ ሁሉ ሁለት ነገር ልናገር።

አንድ አባል ብቻ ያለው ተፕል ስትሠሩ ቅንፍ አይበቃም። ('ጂማ') ያው ስትሪንግ ነው። ተፕል የሚያደርገው ነጠላ ሰረዙ ነው፦ ('ጂማ',)። ይቺን ሰረዝ የረሳ ሰው ፎር ሉፕ ውስጥ ሲያስገባው በከተማ ፈንታ 'ጂ' እና 'ማ' ለየብቻ ይመጡበታል።

ሁለተኛው፣ ሰረዙ የፈረንጁ ሰረዝ ነው መሆን ያለበት። ኪቦርዳችሁን ከአማርኛ ሳትመልሱ ፣ ብትጽፉ ፓይተን «የማላውቀው ምልክት» ብሎ ሲንታክስ ኤረር ይሰጣል። ዓይን ቶሎ አይለየውም። ኮዱ ትክክል ሆኖ ሳለ የማይሠራ ከመሰላችሁ መጀመሪያ ሰረዞቹን እዩ።

ኪቶ_ጀማሪ

ሰላም አወቱ ዳር፣ ሁለተኛው ትናንት አናቴን አዙሮት ነበር።

የቦሳ ልጅ፣ እህቴ ዕድሜ ይስጥሽ፤ ቁልፎቹን ወደ ተፕል ቀየርኳቸው። አሁን ደግሞ የገበሬዎቹን ስም ማስገባት ጀመርኩ። አጎቴ ደብተር ላይ አንዴ «ኃይሉ»፣ አንዴ «ሀይሉ»፣ አንዴ «ሐይሉ» ብሎ ነው የጻፈው። አንድ ሰው ነው፤ ዲክሽነሪው ግን ሦስት ሰው አደረገው። የሰውዬው ሒሳብ ሦስት ቦታ ተበተነ።

መምህር_ከጅሬን

ይሄ ለእኛ ቋንቋ ዋነኛ ጉዳይ ነው፤ ደስ የሚል ጥያቄ ነው። ለፓይተን ኃ፣ ሀ እና ሐ ሦስት የተለያዩ ምልክቶች ናቸው። ድምፃቸው አንድ መሆኑን አያውቅም። ሰንጠረዥ አዘጋጅለት፦

ሰንጠረዥ = ስትር.ሜክትራንስ('ሃሐሓኀኃ', 'ሀሀሀሀሀ')
ቁልፍ = ስም.ትራንስሌት(ሰንጠረዥ)

በግራ በኩል ያለው እያንዳንዱ ፊደል በቀኝ ባለው ይተካል። ሁለቱ ስትሪንጎች እኩል ርዝመት ሊኖራቸው ይገባል። ይሄ የሀ ቤት ግዕዝና ራብዑ ብቻ ነው። ሑ፣ ሒ፣ ኁ የመሳሰሉትንም ጨምር። ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ በየእርከናቸው አስገባ። አንዴ ከጻፍከው ሁልጊዜ ያገለግልሃል።

ኢሚውተብል መሆኑ እዚህ ላይ እንዴት እንደሚጠቅምህ እይ። ትራንስሌት የሚመልስልህ አዲስ ስትሪንግ ነው። «ስም» የሚለው ላይ ያለው 'ኃይሉ' እንደተጻፈ አለ። ስለዚህ ለፍለጋ «ቁልፍ»ን ትጠቀማለህ፣ ደረሰኝ ላይ ስታትም ግን «ስም»ን። ሰውዬው ስሙን በራሱ አጻጻፍ ያየዋል። የሰው ስም ነው፤ ለፕሮግራም እንዲመች ተብሎ መበላሸት የለበትም። ስትሪንግ እንደ ሊስት ውስጡ የሚለወጥ ቢሆን ኖሮ ቁልፉን ስታስተካክል ስሙም አብሮ ይበላሽ ነበር።

መንደራ_ቆጪ

መብራት መጣ። ተፕል ላይ አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። ተፕል አይለወጥም ማለት ውስጡ ያለው ሁሉ አይለወጥም ማለት አይደለም፦

ገበሬ = ('ኃይሉ', [42, 37])
ገበሬ[1].አፔንድ(55)

አፔንድ ሊስቱ መጨረሻ ላይ ይጨምራል፤ ይሄ ያለ ምንም ኤረር ይሠራል። ተፕሉ የሚጠቁመው ወደዚያው ሊስት ነው፤ የተለወጠው የሊስቱ ውስጥ ነው። እንዲህ ያለ ተፕል ቁልፍም አይሆንም፤ ውስጡ ሊስት ስላለ ሃሽ አይወጣለትም።

አስገራሚው ግን በአፔንድ ፈንታ እንዲህ ስትሉ ነው፦

ገበሬ[1] += [55]

ታይፕ ኤረር ይመጣል፤ ሊስቱን ፕሪንት ስታደርጉት ግን 55 ገብቷል! ኤረሩም መጥቷል፣ ለውጡም ተደርጓል።

ፈረንጅ_አራዳ

አሁን ሞከርኩት፤ እውነትም! ለምንድነው ግን?

መንደራ_ቆጪ

+= ሁለት እርምጃ ነው። መጀመሪያ ሊስቱን «ራስህ ላይ ጨምር» ይለዋል፤ ሊስት ስለሚለወጥ ይጨምራል። ቀጥሎ ውጤቱን መልሶ ገበሬ[1] ላይ ሊመድብ ይሞክራል፤ ተፕል ምደባ አይቀበልም፣ ኤረር። ኤረሩ የመጣው ሁለተኛው ላይ ነው፤ የመጀመሪያው ግን አልቋል።

ይሄ ምልክት በሊስት እና በተፕል ላይ የተለያየ ሥራ እንደሚሠራም ዕወቁ። ሀ እና ለ አንድ ሊስት ቢጋሩና ሀ += [3] ብትሉ ለ ላይም 3 ይታያል። የሚጋሩት ተፕል ከሆነ ግን ሀ += (3,) አዲስ ተፕል ይሠራል፤ ለ በድሮው ላይ ይቀራል።

የቦሳ_ልጅ

ኪቶ ጀማሪ፣ ወደ ፋንክሽን ስትገባ የሚጠብቅህን ከአሁኑ ላሳይህ፦

ዴፍ መዝግብ(ኪሎ, ዝርዝር=[]):
    ዝርዝር.አፔንድ(ኪሎ)
    ሪተርን ዝርዝር

መዝግብ(17) በል፤ [17] ይመልሳል። ቀጥለህ ለሌላ ገበሬ መዝግብ(34) በል። [34] ስትጠብቅ [17, 34] ይመጣል። የአንዱ ገበሬ ቡና በሌላው ላይ ተቆጠረ ማለት ነው፤ በገንዘብ ስታስበው ቀላል አይደለም።

ያ ባዶ ሊስት የሚፈጠረው ፋንክሽኑ ሲጠራ ሳይሆን ዴፍ የሚለው መስመር ሲሠራ፣ አንዴ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ የሚጠራው ሁሉ ያንኑ ይጋራል። መምህር ያሉት ነው፤ የሚለወጥ ነገር ለብዙ ተጋርቷል። መፍትሔው በቅንፉ ውስጥ ዝርዝር=ነን (ነን በፓይተን «ምንም የለም» ማለት ነው) ማድረግና ውስጥ ገብቶ አዲስ መፍጠር ነው፦

    ኢፍ ዝርዝር ኢዝ ነን:
        ዝርዝር = []

ነን ኢሚውተብል ስለሆነ ሁሉም ቢጋራው አይጎዳም።

ኪቶ_ጀማሪ

ገባኝ። ከ[[0, 0, 0]] * 6 ጋር አንድ ዓይነት ችግር ነው፤ ቦታው ብቻ ነው የተለየው።

የመጨረሻ ጥያቄ። ርክክቡን በጄሰን (ዳታ በጽሑፍ በሚቀመጥበት ፎርማት) ፋይል ላስቀምጥ ብል ታይፕ ኤረር ይለኛል። ቁልፎቹ ተፕል ስለሆኑ ነው?

መምህር_ከጅሬን

አዎ። ጄሰን ተፕል የሚባል ነገር አያውቅም። ቁልፍ ላይ ተፕል ካየ እንቢ ይላል። እሴት ላይ ሲሆን ደግሞ ዝም ብሎ ወደ ሊስት ቀይሮ ያስቀምጠዋል፤ ስትከፍተው ሊስት ሆኖ ይመጣል። ስለዚህ ስታስቀምጥ እያንዳንዱን ርክክብ አንድ ረድፍ አድርገው፦ [2017, 2, 14, 'ታች ሰፈር', 42]። መልሰህ ስትከፍት ቁልፉን እንደገና ሥራው፦

ርክክብ[ተፕል(ረድፍ[:4])] = ረድፍ[4]

ስታስቀምጥ ኢንሹር አስኪ የሚለውን ፎልስ አድርገው። ካልሆነ ፋይሉ ላይ አማርኛው በኮድ ቁጥሮች ተተክቶ ይጻፋል፤ አጎትህ ቢከፍተው አያነበውም።

ኪቶ_ጀማሪ

ሠራ። ፋይሉ ላይ «ታች ሰፈር» በአማርኛ ይነበባል፤ ተዘግቶ ሲከፈትም ጥቅምት 14 ላይ 42 ኪሎ ይመልሳል። የፊደሉን ሰንጠረዥ በሁሉም እርከን ስጨርስ እዚሁ እለጥፈዋለሁ፤ ለሌላውም ይጠቅማል። መምህር፣ የቦሳ ልጅ፣ መንደራ ቆጪ፣ አወቱ ዳር፣ ፈረንጅ አራዳ፣ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ክሩ ላይ «ተፈትቷል» ብያለሁ።